አንድ ደብተር፣ አንድ ስም

ባለፈው ሰኔ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጊንጪ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ክሪክ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ተሳፋሪዎቹ ዝናቡን ሽሽት አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠጋጋን። ከመንገዱ ማዶ የአንድ መጋዘን በር ተከፍቷል። ገበሬዎች ላስቲክ ተከናንበው ተሰልፈዋል፤ ከውስጥ የሚወጡት ነጫጭ ከረጢቶች በአህያና በጋሪ ይጫናሉ። ነፋሱ ሲዞር የዩሪያው ሽታ ወደ እኛ መጣ። አጠገቤ የቆመች ወጣት አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ግን ወደ ውስጥ ሳብኩት። ያ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር አዴ ጫልቱን አስታውሳለሁ፤ እሳቸውን ሳስታውስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሰው ማናገር ያስጠላኛል።

ዛሬ አምቦ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከዚያ በፊት ምን እሠራ እንደነበር ሲጠይቁኝ «ግብርና ነበርኩ» ብዬ አልፋለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ላይ ከኮሌጅ እንደወጣሁ ዲኤ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ዲኤ የሚባለው ቀበሌ ውስጥ ተቀምጦ ገበሬውን ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም የሚያማክር ሠራተኛ ነው። ገበሬዎቹ ግን ከመካሪነቴ ይልቅ በመዝጋቢነቴ ነበር የሚያውቁኝ። ማን ስንት ጥማድ አረሰ፣ ማን ምን ዘራ፣ ማን ስንት ከረጢት ይፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ እውላለሁ። ስለ መሬት ከእኔ አብልጠው ለሚያውቁ ሰዎች የምጠቅመው በእስክሪብቶዬ ብቻ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም።

የወረዳውንም የቀበሌውንም ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። ከጊንጪ እስከ ድልድዩ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር አንድ ሰዓት ሽቅብ ነው። በበጋ መንገዱ አቧራ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ጥቁሩ አፈር ቦቲ ጫማን ከእግር አውልቆ ያስቀራል። ከአቀበቱ ጫፍ ዞር ብለው ሲያዩ የጭልሞ ጫካ ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል። የምኖረው በገበሬዎች ማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ራቴ ብዙውን ጊዜ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ነው፤ ጎረቤት ያዘነልኝ ቀን ደግሞ በቅቤ የራሰ ጭኮ ይላክልኛል። አምቦ ተወልጄ ስላደግኩ ኦሮምኛዬ የከተማ ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ሥራችንም ጨዋታችንም በኦሮምኛ ስለነበር እዚህ የምጽፈውን ንግግር ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እዚያ በገባሁ በመጀመሪያው መስከረም መጨረሻ በረዶ ወረደ። ስንዴው ዛላ አውጥቶ፣ ሰው ሁሉ ማሳው ዳር መቆም የሚያስደስተው ሰሞን ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ስንወጣ መሬቱ ጨው የተሰጣበት ይመስላል፤ ስንዴው ከወገቡ ተሰብሮ ጭቃው ላይ ተኝቷል። ያለቀሰ ሰው አላየሁም። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አንድ ዛላ አነሡ፣ በመዳፋቸው አሽተው ውስጡን አዩና መልሰው መሬት ላይ አኖሩት። ተመልሶ እንደሚያነሣው ሰው ቀስ ብለው ነበር ያኖሩት። በማግስቱ ከብቶች ተለቀቁበት።

በግንቦት መንግሥት በረዶ ለመታቸው ገበሬዎች የዘር ስንዴ በነጻ፣ ማዳበሪያ ደግሞ በድጎማ በግማሽ ዋጋ ሊሰጥ ነው ተባለ። ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ ቅጽ ተላከልኝ። ለአንድ የይዞታ ደብተር አንድ መስመር ተሰጥቶታል፤ መስመሩ ላይ የአራሹ ስም፣ የመሬቱ ስፋትና ፊርማ ይሞላል። ጊዜው ሦስት ቀን ነበር።

በሁለተኛው ቀን አዴ ጫልቱ መጡ። ወንዱን ኦቦ እንደምንለው ሴቷን በክብር አዴ እንላለን። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው አርባ የሞላ አይመስለኝም። ባላቸው ከሁለት ዓመት በፊት በጉበት በሽታ ሞቶባቸው ኩሌ ከምትባል አንዲት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ረጅም ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸውን በጣም ዝቅ ስለሚያደርጉ የሚያዳምጣቸው ሰው ሳያስበው ወደ እሳቸው ይጠጋል። ደብተሩን ከላስቲክ ውስጥ አውጥተው ሰጡኝ። ስገልጠው የተጻፈበት ስም የእሳቸውም የባላቸውም አልነበረም። የአማታቸው የኦቦ ፉፋ ነበር።

ኦቦ ፉፋ በሕይወት ሳሉ ስድስት ጥማድ መሬታቸውን ለሁለት ልጆቻቸው በቃል እኩል ከፍለው ሰጥተው ነበር። ላይኛው ለታላቁ ለኦቦ ገመቹ፣ ታችኛው ለአዴ ጫልቱ ባል ደረሰ። ድንበሩ ሽማግሌ ባለበት የተተከለ ድንጋይ ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ፣ ሁለቱንም ወገን በሜትር ለክቻለሁ። ደብተሩ ግን ሳይቀየር አባትየው ሞቱ፣ ተከትሎም ታናሹ ልጅ ሞተ። ሁለት ቤተሰብ በአንድ ደብተር ቀረ።

«ኢንተላ ኮ፣ የእኔን ለብቻው ጻፊልኝ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንቺ ሴት ስለሆንሽ ይገባሻል።»

ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥቼ ወረዳ ወዳለው አለቃዬ ደወልኩ።

«አንድ ደብተር፣ አንድ ስም» አለኝ። «ሁለት ብትጽፊ ወረቀቱ ይመለስብኛል። ወንድምየውን ጻፊውና እዚያው ይካፈሉ።»

የቀበሌው ሊቀመንበርም ይህንኑ ነገረኝ። አመሻሽ ላይ ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ማሠልጠኛው ድረስ መጡ። «የወንድሜ ቤት እኮ ነው። ድርሻዋን በራሴ አህያ ጭኜ አደርስላታለሁ» አሉኝ፤ ሲናገሩ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነበር። አመንኳቸው። ዛሬም ያን ዕለት የዋሹኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ጻፍኩ። ገመቹ ፉፋ፣ ስድስት ጥማድ፣ አራሽ።

በማግስቱ አዴ ጫልቱ ከወረፋው ዳር ጠብቀው «ስሜ ገባ?» ብለው ጠየቁኝ። ማንበብ አይችሉም። ከኋላቸው ብዙ ሰው ቆሟል፤ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ ብል ጊዜ ይወስዳል፣ ምናልባትም ያስቆጣል። «ገብቷል፣ ድርሻዎ ይደርስዎታል» አልኳቸው። ድርሻው እንደሚደርሳቸው እርግጠኛ ስለነበርኩ የቀረውን እንደ ውሸት አልቆጠርኩትም። አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ሄዱ።

ኦቦ ገመቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ዘሩንም ማዳበሪያውንም በአህያ ጭነው አደረሱ፤ ታችኛውን መሬት በራሳቸው በሬዎች አርሰው ዘሩላቸው። ያን ዓመት በረዶ አልነካንም። ጥቅምት ላይ አዴ ጫልቱ የስንዴ እሸት ጠብሰው፣ ገና ትኩስ ሳለ በእጃቸው አሽተው አበሉኝ። ኩሌም አጠገባችን ተቀምጣ የሳይንስ መጽሐፌን ታገላብጥ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ሰባተኛ ገብታለች። ጥያቄዋ አያልቅም። ውኃ ወደ ታች የሚፈስ ከሆነ ከሥር ወደ ቅጠል ሽቅብ የሚወጣው ማን ገፍቶት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ በደንብ ስላልተመለሰላት አኩርፋ ነበር። እኔም ያን ሰሞን በሥራዬ ደስተኛ ነበርኩ። ያን የመሰለ ማሳ ያስገኘው ድጎማ በእኔ እጅ ማለፉን እያሰብኩ እኮራ ነበር ብል አልዋሸሁም።

በዓመቱ ግን የኦቦ ገመቹ ሁለት ወንዶች ልጆች አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠሩ ቆይተው ተመለሱ። አንደኛው ሊያገባ ነው። ሁለቱም ጎጆ የሚቀልሱበትም የሚያርሱትም መሬት የላቸውም። የእነሱ ብቻ አልነበረም ችግሩ፤ በየቀበሌው የወጣቱ ወሬ መሬት ነበር፣ በተቃውሞ መንገድ ተዘግቶ አምቦ ቤተሰቤ ዘንድ መሄድ ያቃተኝ ጊዜም ነበር። አባት በልጆቻቸውና በወንድማቸው ሚስት መሀል ሲጨነቁ መክረማቸውን ሰምቻለሁ። በሚያዝያ ኦቦ ገመቹ ደብተሩ በሙሉ በስማቸው እንዲዞር አመለከቱ። አዴ ጫልቱ ተቃወሙ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱ ከፍርድ ቤት የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ።

«ማስረጃ አቅርቧል አሉኝ። ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አሉ።

የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነበር። የድጎማው ዝርዝር ኮፒ ተደርጎ፣ የወረዳው ማኅተም ፊርማዬ ላይ አርፎበት፣ በአንዱ መስመር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ስድስቱንም ጥማድ የሚያርሰው ገመቹ ፉፋ መሆኑን የመንግሥት ሠራተኛ አረጋግጣለች ይላል አብሮት የተያያዘው ማመልከቻ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያ ወረቀት ማዳበሪያው ተከፋፍሎ ሲያልቅ ሥራው ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

አነበብኩላቸው።

«የእኔ ስም የት ጋ ነው?»

«የለም።»

«ገብቷል ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ» አልኳቸው።

ወረቀቱን አጥፈው ላስቲኩ ውስጥ መለሱትና «እንግዲያው የቀጠሮው ቀን መጥተሽ እንዴት እንደነበር ንገሪያቸው» አሉኝ። እመጣለሁ አልኩ።

በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። «አንዱ መስመር ተሳስቷል ብለሽ ከመሰከርሽ ሌላውም መስመር ይጠየቃል» አለኝ። «የፈረምሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። እኔ በስልክ ያልኩሽ የትም አልተጻፈም።»

ቅዳሜ አምቦ ሄድኩ። አባዬ ጤና ጣቢያ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ በምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። በልጅነቴ አንድ እርሳስ ሰርቄ ስመጣ መምህሩ ቤት ድረስ ይዞኝ ሄዶ ያስመለሰኝ እሱ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚለኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር። የነገርኩትን ሁሉ ሰምቶ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። «ሥራ ማግኘት ቀላል አይደለም፣ ራሔል» አለኝ በመጨረሻ። «ዳኛው ያለ አንቺም እውነቱን ሊደርስበት ይችላል።» ይህን ከእሱ መስማቴ ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን እፎይ አልኩ።

የቀጠሮው ዕለት አምቦ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ለሊቀመንበሩ ደውዬ ታምሜአለሁ አልኩ። እናቴ የእውነት የታመምኩ መስሏት አጥሚት አፍልታ አመጣችልኝ፤ ተቀብዬ ጠጣሁት። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጣሪያው ላይ ሲወርድ እየሰማሁ አሁን አልቆ ተበትነዋል ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ወደ ቀበሌው ተመለስኩ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆመዋል። በገለባ የተጠቀለሉ ስድስት እንቁላሎች በትንሽ ቅርጫት ይዘዋል።

«አሟታል አሉኝ። ተሻለሽ?» አሉና መዳፋቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ። እጃቸው ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር። «ትኩሳቱ ወርዷል» አሉ።

ስለ ፍርድ ቤቱ እኔ ነኝ የጠየቅኳቸው።

«ምስክር አለሽ ወይ አለኝ ዳኛው። አለችኝ፣ ግን ታማለች አልኩት። ጉዳዩ እስኪያልቅ ታችኛውን መሬት ማንም እንዳይነካው ብሎ ለሐምሌ መጨረሻ ቀጠረን።»

የሐምሌ መጨረሻ ማለት የስንዴ መዝሪያው ያለፈበት ነው። ይህን ለመረዳት ዲኤ መሆን አያስፈልግም።

«ታዲያ ዘንድሮ ምን ሊሆኑ ነው?» አልኳቸው።

«ኩሌ አዲስ ዓለም አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። ሻይ ቤት አላት፣ ታግዛታለች። ለአንድ ዓመት ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከወትሮውም ዝቅ ስላለ ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

አልታመምኩም ነበር ልላቸው አሰብኩ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንቁላሎቹን ተቀብዬ አመሰገንኳቸው። ከሄዱ በኋላ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስመለከተው ቆየሁ፤ ኩሌ ሰኞ ዕለት ከአንድ ፌስታል ልብስ ጋር በማሠልጠኛው በር ስታልፍ ወጥቼ ልሰናበታት እንኳ አልደፈርኩም።

በሐምሌው ቀጠሮ ግን ሄድኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ አባዬም በኋላ ነው የሰማው። የፍርድ ቤቱ ግቢ በብርድ ልብስና በጃንጥላ በተሸፈኑ ሰዎች ተሞልቷል፤ የጭቃውና የእርጥብ ሱፍ ሽታ እስካሁን አይጠፋኝም። ዳኛው ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነበር። የማውቀውን ተናገርኩ። ሁለቱን መሬት ለየብቻ መለካቴን፣ ድንበሩን ማየቴን፣ ከመጣው ዘርና ማዳበሪያ ድርሻው ለአዴ ጫልቱ መድረሱን፣ አንድ ስም ብቻ የጻፍኩት እንደዚያ ስለተባልኩ መሆኑን። ኦቦ ገመቹ ጫማቸውን ነበር የሚያዩት።

«መሬቱ የሁለት ቤተሰብ መሆኑን እያወቅሽ ለምን አልጻፍሽም?» አለኝ ዳኛው።

«ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።»

«ጀርባው ላይ መጻፍ ትችዪ ነበር» አለ፤ ሳይቆጣ ነው የተናገረው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ከሰማሁት ወቀሳ ሁሉ በአእምሮዬ የቀረው ይህ ነው። ጀርባው ባዶ ነበር። ዝርዝሩን በሞላሁባቸው በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ጊዜ አልገለበጥኩትም።

ፍርዱ ፍርድ ቤቶች ከክረምት ዕረፍት ከተመለሱ በኋላ በጥቅምት ወጣ። የድጎማ ዝርዝር የባለይዞታነት ማስረጃ አይሆንም ተባለ፤ ክፍፍሉን ሽማግሌዎች እንዲያስፈጽሙ ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ታችኛው መሬት የአዴ ጫልቱ መሆኑን ካጸኑ በኋላ ከመንገዱ ዳር ያለውን አንድ ጥማድ ለኦቦ ገመቹ ልጆች መኖሪያ እንዲለቁላቸው ለመኗቸው። ለቀቁ። ለምን ተስማሙ ብዬ ስጠይቃቸው «ጎረቤቶቼ ሆነው ሊኖሩ ነው እኮ፤ ስታመም የሚሸከሙኝ እነሱ ናቸው» አሉኝ። ለቀሪው ሁለት ጥማድ ደብተር ወጣላቸው፤ ስማቸው ተጽፎ፣ ፎቶግራፋቸው ተለጥፎበት። አምጥተው አሳዩኝ። ስማቸው የትኛው እንደሆነ ጠይቀውኝ በጣቴ አሳየኋቸው።

እኔ በዚያው ኅዳር ራቅ ወዳለ ቀበሌ ተዛወርኩ። ምክንያቱ አልተነገረኝም፤ አልጠየቅኩምም። አንድ ዓመት ሠርቼ ለቀቅኩና ትምህርት ቀጠልኩ።

ኩሌ ወደ ትምህርቷ አልተመለሰችም። አንዱ ዓመት ሁለት ሆነ፤ አክስቷ ታመመችና ሻይ ቤቱ እሷ ላይ ወደቀ። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ማግባቷን ከሰው ሰማሁ።

ባለፈው ሰኔ ጊንጪ ላይ ጎማው እስኪቀየር ከተሰለፉት ገበሬዎች አንዱን ያንን ቀበሌ ያውቀው እንደሆነ ጠየቅኩት። እዚያው ነኝ አለኝ። አዴ ጫልቱ ደህና እንደሆኑ፣ ትናንት መጥተው የራሳቸውን ከረጢት በራሳቸው ስም ፈርመው እንደወሰዱ ነገረኝ። ኩሌ ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ ሻይ ቤቱን ዛሬም እሷ እንደያዘችው ጨመረልኝ። «አዲስ ዓለም መንገዱ ዳር ነው፣ ስታልፊ ታይዋለሽ» አለኝ። በዚያው ጠዋት አልፌዋለሁ። በዓመት ስድስትና ሰባት ጊዜ በዚያ መንገድ እመላለሳለሁ፤ መኪናው አዲስ ዓለም ሲቆም ከመስኮቱ ማዶ ስንት ሻይ ቤት እንዳለ ሁልጊዜ እቆጥራለሁ፤ ወርጄ ግን አላውቅም።

ይህን ታሪክ ለጓደኞቼ አውርቼው አውቃለሁ። አለቃዬን ሳልሰማ ፍርድ ቤት ቆሜ መመስከሬን እነግራቸዋለሁ፤ ደፋር ነበርሽ ይሉኛል፣ ዝም እላለሁ። አምቦ አልጋዬ ላይ አጥሚት እየጠጣሁ የዋልኩበትን ቀን ግን ለባሌም፣ ለአባዬም፣ ለአዴ ጫልቱም ነግሬ አላውቅም። አባዬ ምናልባት ያውቃል፤ እሱም አንሥቶት አያውቅም። የመጀመሪያው ጥፋቴ የልጅነት ነው፤ ያልበሰለች ሠራተኛ የታዘዘችውን ጻፈች ቢባል ሰው ይቅር ይለዋል፣ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ያን ዕለት ሁሉንም ነገር አውቅ ነበር። መሬቱ ከብዙ ድካም በኋላ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ኩሌ ሻይ ቤት የገባችበትን ዓመት ግን የሚመልስ ፍርድ ቤት የለም፤ እሷም የወሰደባት ማን እንደሆነ አታውቅም።